ጉርሻ በመርከብ ላይ

መርከቧ ከቶሮንቶ ወደብ ተላቃ ወደ ደሴቶቹ ስትዞር፣ ኢብቲሳም ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ጣሪያ ወደሌለው የመርከቧ የላይኛው ወለል ወጣች። ከታች ሳህን ማጠብ ቀርቶላት እንግዳ ስታስተናግድ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። የሐይቁ ነፋስ ናፕኪኑን ሁሉ ያበረዋል፤ ልቧም አብሮ ይበራል። ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ድረስ ልታያት የመጣችው እናቷ ሻሿን አጥብቃ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለውን ወንበር ቦርሳዋን አስቀምጣ ይዛላታለች።

«ነይ ተቀመጪ፤ ብቻዬንማ አልበላም» አለቻት። ፊቷ የቀረበው የተጠበሰ ዓሣና ድንች አልተነካም።

«እማ፣ ሥራ ላይ እኮ ነኝ! ከእንግዳ ጋር መቀመጥ አይቻልም። ማናጀሬ እያየን ነው።»

«እንግዲያው ቆመሽ ብዪ።»

እናቷ ብድግ አለች። ዓሣውን ከድንቹ ጋር በዳቦ ጠቀለለችና «ቢስሚላህ በዪ» ብላ ወደ አፏ ሰነዘረችው። ኢብቲሳም እንዳትከላከል ሁለት እጇ ትሪው ላይ ነው፤ እንዳትሸሽ ብርጭቆዎቹ ይንሸራተቱባታል። ጎረሰች። ጉንጯ ተነፍቶ ቀና ስትል ማናጀሩ ፊቱን አኮሳትሮ አጠገባቸው ቆሟል። አለቀልኝ፣ አለች በልቧ።

እናቷ ግን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ይሄም ምስኪን ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰም መሰለኝ» ብላ ከፊተኛው የሚተልቅ ጠቀለለች። ማናጀሩ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ በእጅ መቀበል የለም። ሰውየው ግራ ቀኙን ቃኘ፣ ከረባቱን ወደ ትከሻው ጣል አደረገና አፉን ከፈተ።