የኦባንግ ጉልበት

የራግቢ ብሔራዊ ቡድን አምበል የሆነ ሰው የተጫዋቾቹን ሕመም ሁሉ በገዛ ገላው እንዲሸከም ሕጉ ያዛል። የቀድሞው አምበል ልሳኑ ጫማውን ከሰቀለ ቆይቷል፤ ሸክሙ ግን የሕመሙ ባለቤቶች በሕይወት እስካሉ ድረስ አይወርድለትም። የጉርሜሳ ትከሻ ትከሻው ላይ፣ የኦባንግ ጉልበት ግራ ጉልበቱ ላይ ይጠዘጥዘዋል። ሚስቱ ይርገዱ ጠዋት ጠዋት ጉልበቱን በቅባት ታሽለታለች።

ዛሬ ግን እጇን ያዘ።

«ተዪው፣ አያመኝም።»

«እሰይ! ስለቴ ሰመረ!» አለች እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ።

ልሳኑ ጉልበቱን አጠፈ፤ ዘረጋ። እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ቀለለው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳና ቁም ሳጥኑን ከፈተ።

«ጥቁሩ ኮቴ የት ነው?»

«ምነው፣ ማን ደወለ?»

«የኦባንግ ልጆች ገና አልደወሉም» አለ።