የሳሎን ቃሪያ

ውሸት ከሆነ ምላሴ በሚጥሚጣ ይቃጠል፤ ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው።

ሸዋዬን የጎረቤቷ የጥሩወርቅ ቃሪያ እንቅልፍ ነሥቷት ነበር። ጥሩወርቅ ኮንዶሚኒየም ሳሎኗ ውስጥ፣ ሐምራዊ የኤልኢዲ መብራት ሥር፣ የቃሪያ ደን አብቅላለች። መስኮቷ ሲበራ ጭፈራ ቤት የመሰለው ሰካራም ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። የሸዋዬ ባል ሳይቀር፣ "ሴት ማለት እሷ ናት! ባያፈራም አበባው ብቻውን ያጠግባል" አለ፤ ያውም የሸዋዬን ሽሮ እየበላ።

ጥሩወርቅ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ደሴ ስትሄድ ቁልፉን ለማን ሰጠች? ለሸዋዬ!

"እናቴ፣ ውሃ አጠጪልኝ፤ መብራቱንም አብሪልኝ።"

"ምን ችግር አለ!"

ሸዋዬ ጠዋት ጠዋት እየገባች ግንዱን አንቃ ትንጠው ጀመር። "እርገፍ! እሷ ቃሪያ ስትለቅም ከማይ ዓይኔ ይጥፋ!" ነጩ የአበባ ቅጠል ረግፎ ወለሉን ሲሸፍነው ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ውሃውንም መብራቱንም ለሠራተኛዋ ተወችው።

ከወር በኋላ ጥሩወርቅ ተመልሳ፣ እንባዋ እየወረደ የሸዋዬን በር ደበደበች።

"ምነው እህቴ? ምን ደረሰብሽ?" አለች ሸዋዬ፣ የሐዘን ፊቷን አዘጋጅታ።

ጥሩወርቅ እየጎተተች ወሰደቻት። ከየቅርንጫፉ ጣት የሚያህል ቃሪያ ተንዠርግጓል።

"ቤት ውስጥ ንብ የለ፣ ነፋስ የለ፤ አበባው ካልተነቀነቀ አያፈራም ብለው ደሴ ያሉ አትክልተኞች የነገሩኝ ገና ትናንት ነው። ለአንቺ ማን ነገረሽ? በይ ቁልፉ አንቺው ጋ ይሁን፤ በየቀኑ ነቅንቂልኝ!"

ሸዋዬ ፈገግ ብላ "እሺ" አለች።

ከራሴ የጨመርኩት ይህችን ፈገግታ ብቻ ነው።