መጀመሪያ ፊልሙ፣ ከዚያ ዘመቻው

በማሌይ ቋንቋ የምንሠራቸው የጦር ፊልሞች ሲኒማ ቤቶችን ካጨናነቁ ወዲህ ጦራችን አዲስ ደንብ አውጥቷል። መጀመሪያ ፊልሙ ይሠራል፤ ተመልካች ከወደደው ዘመቻው ልክ እንደ ፊልሙ ይካሄዳል።

እኔ አስር አለቃ ዙልኪፍሊ ራሴን ሆኜ ተውኛለሁ። በመጀመሪያው ቅጂ ቆስዬ እተርፍ ነበር። ለሙከራ ያዩት ሰዎች ግን «መጨረሻው ቀዘቀዘብን» አሉ። አላህ ይስጣቸው፣ ዳይሬክተሩ ወዲያው ገደለኝ። አገር ምድሩ አለቀሰ፤ ፊልሙም ሦስት ወር ሙሉ ከሲኒማ አልወረደም። ሻለቃዬ አቅፎ ሳመኝና «እንኳን ደስ ያለህ! ዘመቻው ከዒድ በፊት ነው» አለኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሮሃና የዒድ ልብስ ትሰፋለች። በእኛ ወግ ለዒድ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይለብሳል፤ ዘንድሮ አረንጓዴ ነው። የእሷና የሁለቱ ልጆቻችን ጨርቅ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«የእኔስ? ጨርቁ አልበቃ አለሽ?» አልኳት።

«ፊልሙን ሁለት ጊዜ አየሁት» አለች፣ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም። «ሁለተኛውን ጊዜ የሄድኩት፣ ምናልባት ትተርፍ እንደሆን ብዬ ነበር።»