የፉቁም ለቅሶ

ደስታው አንሶላውን ከፊቱ ላይ ገፎ ብድግ ይላል። «አልተኛም! እናቴ በሕይወት እያለች ልጅሽ ተገንዞ ተለቀሰለት ቢሏት ምን ትላለች? ሟርት ነው፣ እትዬ አስቴር!» ይለኛል።

ዳይሬክተሩ አይመን እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል። የልጁን ነገር በአረብኛ አስረዳዋለሁ። የምንቀርጸው የረመዳን የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ደስታውና ሌሎቹ ግን ከኤደን ወጣ ብሎ፣ እዚሁ ፉቁም ባሕር ዳር፣ ከጀልባ መውረጃው አጠገብ ያገኘናቸው የእውነት ስደተኞች ናቸው። ሩጡ ስንላቸው ይሮጣሉ፣ ባሕር ግቡ ስንላቸው ይገባሉ። ሬሳ ሁኑ ስንላቸው አንድም እሺ ያለ የለም። እውነታቸውን ነው! በቁሙ ላለ ሰው ይለቀሳል እንዴ?

«ኸላስ፣ በቃ» ይላል አይመን። «ፀሐይዋ ልትሄድ ነው። ለቅሶው ይቅር። አንቺ ዝም ብለሽ ባሕሩን ታያለሽ፣ ያ ኻላ፣ አክስቴ።»

ዝም ብለሽ! ስንት ዘመን ዝም ልበል? ከሐበሻ ወላጆች ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ኤደን፣ ተዋሂ ሰፈር ነው። በየድራማው ትሪ ይዤ እገባለሁ፣ ትሪ ይዤ እወጣለሁ። ስም እንኳ የለኝም፣ «ሠራተኛዋ» ነኝ። ፀጉሬ የሸበተው ትሪ እንደያዝኩ ነው። ዛሬ ገና ልጇን ባሕር የበላባት እናት ሆኜ፣ በገዛ ቋንቋዬ ላልቅስ ነው። ሞቼ ነው የምተወው!

«አይቀርም!» እላለሁ። «ሬሳ ጠፋ ተብሎ ለቅሶ ይቀራል? በእኛ አገር ሰው በሩቅ ሲሞት ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀስለታል። ሸሚዝ ስጡኝ!»

«መልካም፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ይላል አይመን። «ፊትሽን ግን ከካሜራው እንዳታዞሪ።»

አዲስ ሸሚዝ ከነላስቲኩ ያመጡልኛል። አሸዋው ላይ አነጥፈዋለሁ። እንባዬ እምቢ ይላል። ማንም ያልለበሰው ጨርቅ ምኑ ይለቀሳል?

ያኔ ከስደተኞቹ መሐል አንዲት ቀጭን ልጅ ትነሳለች። ጥላነሽ ትባላለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ድምጿን ማንም አልሰማም። ፌስታሏን ፈትታ ሰማያዊ ሸሚዝ ታወጣለች። አንገትጌው ላይ ጨው ደርቆበታል።

«የወንድሜ የአለባቸው ነው» ትላለች። «ጀልባዋ ስትከብድ ደላሎቹ ወንዶቹን ዝለሉ አሏቸው። አውልቆ ሰጠኝና ዘለለ። በዚያው ቀረ።»

«ውይ፣ እኔን ይድፋኝ! ይሄንንማ ለድራማ አላደርገውም።» ሸሚዙን መልሼ ወደ እጇ እገፋዋለሁ።

አትቀበለኝም። «አልተለቀሰለትም እኮ፣ እትዬ። ብቻዬን በሰው አገር ምን ብዬ ላልቅስ? ስሙን ብቻ ይጥሩልኝ።»

ድራማው ላይ የልጄ ስም ሌላ ነው። ይሁና! ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ የሸሚዙን እጅጌዎች ግራና ቀኝ እዘረጋለሁ።

«ያላ፣ ጀምሪ!» ይላል አይመን።

«አለባቸው ጋሻ፣ የእህትህ መሸሻ፣
ሸሚዝህ ተገኘ፣ ጠፋ ያንተ መድረሻ!»

ደስታው ደረቱን ይመታል። ሌሎቹም ማንም ሳያዛቸው ተነስተው ይከቡኛል፣ ቃሉን ከአፌ ተቀብለው ያለቅሳሉ። እኔም እንባዬ ወረደ፤ የእውነት እንባ ነው። ካሜራው ፊቴ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። የለመንኩትን ነገር ዛሬ አገኘሁ።

ከኋላዬ አንድ ሰው አሸዋው ላይ ሲወድቅ እሰማለሁ። በትከሻዬ በኩል ሰረቅ አድርጌ ሳይ ጥላነሽ ናት። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም።

ዞሬ አቅፋታለሁ።

«ፊትሽን!» ይጮኻል አይመን። «ያ ኻላ፣ ፊትሽን ወደዚህ!»

ሰምቼዋለሁ። ጀርባዬን ለካሜራው ሰጥቼ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስቀምጥላታለሁ። «በይ፣ ሙሾውን አንቺ አውጪ» እላታለሁ። «እኛ እንቀበልሻለን።»

እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ ትዘረጋቸዋለች።

«አለባቸው!» ትላለች።