ተሳዳጅ እና ተከሳሽ

ሰሊም በአስተርጓሚ አልናገርም አለ። ከመሀል አገር ሸሽቶ ድንበሩን የተሻገረ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። የቀበሌው ታጣቂዎች ወንድሙን ደጃፉ ላይ ሲገድሉበት በጓሮ ዘሎ አመለጠ። ይህንን ስደተኞችን ለሚመዘግበው የኬንያ መኮንን በራሱ አንደበት ሊነግር ፈለገ፤ ትምህርት ቤት የተማረው እንግሊዝኛ የሚበቃው መስሎታል። ማንያታ በሚባለው የኬንያ ሰፈር ቤቷ ያስጠጋችው የአክስቱ ልጅ ሀዋኦ ከጎኑ ተቀምጣለች።

«ለምን ሸሸህ?» አለው መኮንኑ በእንግሊዝኛ።

«ሹማምንቱ ፕሮሰኪዩት እያደረጉኝ ነው።»

ሀዋኦ ክው አለች። ሊል የፈለገው «ፐርሰኪዩት» ነበር፤ ያለ ጥፋቴ እያሳደዱኝ ነው ለማለት። ከአፉ የወጣው ግን በወንጀል ከሰውኛል የሚል ነበር።

«አፋንዴ፣ ጌታዬ፣ ቃሉ ተምታቶበት ነው…»

«አንቺን አልጠየቅኩም! ደግመሽ ከተናገርሽ ትወጫለሽ።» ወደ ሰሊም ዞረ። «እርግጠኛ ነህ? ፕሮሰኪዩት?»

ሀዋኦ የሰሊምን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። እሱ ግን አይዞህ ያለችው መሰለው።

«አዎ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በጣም ፕሮሰኪዩት! እኔንም፣ ወንድሜንም!»

መኮንኑ ብዕሩን አስቀመጠና በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ በስዋሂሊ፣ «ከሕግ የሸሸ ነው። ድንበሩ ላይ ወስደህ ለአገሩ ሰዎች አስረክበው» አለው።

ሰሊም ስዋሂሊ አይሰማም። ፖሊሱ ወደ እሱ ሲመጣ ሊጨብጠው እጁን እየዘረጋ ተነሣ።

«አየሽ እህቴ» አላት በአማርኛ፣ ፊቱ በርቶ፤ «ገባቸው እኮ!»