ሳባቲኖ ሲቦክስ

«ግጥሚያው ሊጀመር ነው፣ ተነሺ» ይለኛል ባሌ ሳባቲኖ፣ የሲኒማ ቤቱን መጋረጃ በአንድ እጁ ገልጦ ይዞ።

እኔ ከከረሜላ መሸጫው አጠገብ ቦርሳዬን አቅፌ ተቀምጫለሁ። ሆሊውዶች የሱን ታሪክ ፊልም ሠርተውት ዛሬ ሰፈራችን ገብቷል። ሠርጋችንን የሚያሳየውን ክፍል አይቻለሁ፤ እኔን የሆነችው ልጅ ወገቧ ሊቀነጠስ ነው። የቦክስ ጓንት ማጥለቅ ሲጀምሩ ወጣሁ።

«አልገባም።»

«ድሮ ያለቀ ነገር እኮ ነው። ማሸነፌን ብሩክሊን በሙሉ ያውቃል።»

«እኔም አውቃለሁ። ዓይንህ ምን ሆኖ እንደመጣም አውቃለሁ።»

ሲቦክስ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ያኔ እሱ ሲጋጠም እኔ ሬዲዮኑን አጥፍቼ ወለል እፈገፍግ ነበር። ሰፈሩ ሲጮህ መስኮት እዘጋ ነበር። ሲመጣ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ እጠብቀው ነበር። ባሌ ሲደበደብ ቁጭ ብዬ እንድመለከት ያጋቡን ቄስም አላስማሉኝ።

«እትዬ አሱንታ፣ የሚመታው እኮ ተዋናዩ ነው፣ ጋሼ አይደሉም» ትላለች ከረሜላ ሻጯ ዶሎረስ።

«እሱማ ያስታውቃል፣ ጥርሱ ሙሉ ነው።»

ሳባቲኖ በቀሩት ጥርሶቹ ይስቃል። ከዚያ ሳቁን ይተውና ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«አንቺ የምታውቂኝ አብጬ ስመጣ ነው» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አገር ያየውን አንቺ ብቻ ነሽ ያላየሽው። ያምርብኝ ነበር፣ አሱንታ።»

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠለጥላለሁ።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀመጠው» እለዋለሁ እየተነሳሁ።

«ጨፍኚ። ብቻ ግቢ።»

የመጀመሪያው ቡጢ ሲያርፍ እንዳልኩት እጨፍናለሁ። ግን ወንበሬ ይነቃነቃል። ምን ሆነ ብዬ ዓይኔን ገልጬ ወደሱ እዞራለሁ።

ሳባቲኖ ሥራ ላይ ነው። አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀብሮ ትከሻውን ያወዛውዛል። ፊልሙ ላይ ያለው ልጅ የሚቀምሰውን ቡጢ ሁሉ እሱ ቀድሞ ራሱን ዘወር አድርጎ ያሳልፈዋል። ደረጃ ስንወጣ ሦስቴ የሚያርፈው ሰውዬ፣ ከሸራው የሚመጣው ብርሃን ፊቱ ላይ እየተመላለሰ፣ እንደ ውሃ ይፈሳል። አንዱም ቡጢ አያገኘውም። ፊልሙን ትቼ እሱን አያለሁ።

ያምርበታል።

የዙሩ ማብቂያ ደወል ይደወላል። ሸራው ላይ አንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ እጁን ከተዋናዩ አገጭ ሥር አድርጎ የጥርስ መከለያውን ከአፉ ይቀበለዋል። ሳባቲኖም ክንዶቹን ጥሎ ወንበሩን ይደገፍና፣ እያለከለከ፣ አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ይዞራል። የሚያደርገውን አላወቀም። ይጠብቃል።

ቦርሳዬ ውስጥ ከቤት ልጬ ያመጣሁት ብርቱካን አለ። አንድ ፍልቃቂ አፉ ውስጥ አደርግለትና፣ ሸሚዙ ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ የሚቀጥለው ደወል እስኪደወል መዳፌን ከአገጩ ሥር ይዤ እቆያለሁ።