ስድሳ አንድ ከመቶ

ወንደሰን የአሰላ ልጅ ነው። ሞጣ የመጣው የአውሮፕላን ማረፊያውን ተርሚናል ማስፋፊያ ሊቆጣጠር ነበር፤ የሚቆጣጠረው ነገር ግን ከየት ይምጣ? ሲሚንቶ ሲገኝ ብረት ይጠፋል፣ ብረት ሲገኝ መንገድ ይዘጋል። ሥራው ስድሳ አንድ ከመቶ ላይ ከቆመ ዓመት አልፎታል። እስኪያልቅ ድረስ በረራም የለም።

ወደዚህ የተረሳ ግቢ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቢቸና በሚኒባስ የሚመጡ አንዲት እናት አሉ፤ ወይዘሮ ይርጋነሽ። ወደ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድ የሚያዩት የቆርቆሮ አጥሩንና የበሩን ቢሮ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ያው ጥቁር ቀሚስ።

«እማማ፣ ሌላ ልብስ የለዎትም እንዴ?» ብሎ አንድ ቀን ቀለደባቸው።

«ለመንገድ ነው፤ አቧራ አይታይበትም።»

ጉዳያቸውን መጀመሪያ የመጡ ዕለት ነግረውታል። ባለቤታቸው መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ አሁን ደግሞ ልባቸው ደክሞ አልጋ ይዘዋል። ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ ሐኪም አስጠንቅቋል። አንዲት ልጃቸው ፅጌረዳ ቤሩት ስትሄድ፣ «ሞጣ አውሮፕላን ሲያርፍ መጥቼ አይዎታለሁ» ብላቸዋለች። ሽማግሌው ነፍሳቸውን ያቆዩት በዚህች ቃል ነው።

«አትደውልም?» አለ ወንደሰን።

«አታገኘንም።»

ወንደሰን ኔትወርኩን ረገመ።

«ሥራው የት እንደደረሰ እኔ በአፌ ብነግራቸው አያምኑም» አሉ ይርጋነሽ። «ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጪ ይሉኛል። ዲያቆኑ ነው የሚያነብላቸው።»

ስድሳ አንድ ብሎ ጻፈላቸው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ጊዜ ያንኑ። ይርጋነሽ ወረቀቱን አጣጥፈው፣ መርቀውት፣ ቀለል ብሏቸው ሄዱ። እሱ ግን አንጀቱን በሉት። ይህ ሁሉ መንገድ ላልተነቃነቀ ቁጥር! የገዛ አባቱ እሱ ሳይደርስ የተቀበሩበት ሰው ነውና የሽማግሌው ነገር እንቅልፍ ነሳው።

መዋሸት ጀመረ። ሰባ አለ፤ ከዚያ ሰባ ስምንት፤ ከዚያ ሰማንያ ስድስት።

«ይሄ ነገር ኋላ ያስጠይቅሃል» አለች ጸሐፊዋ ጸደንያ፣ ማኅተሙን እየመታች።

«ያስጠይቀኝ። ሰውየው በተስፋ ይሰንብቱ።»

ተስፋው ግን ሴትየዋ ፊት ላይ አልታይ አለ። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር እሳቸው እየከሱ ሄዱ። ምርቃቱም ቀረ። ሰማንያ ስድስቱን ሲሰሙ፣ «እንዲህ ይፈጥናል እንዴ?» ብለው ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ወንደሰን መጠበቁ ጎድቷቸዋል፣ መቶ ካልሞላ ደስ አይላቸውም አለ በልቡ። ሽማግሌው ቀድመው ቢሞቱስ ብሎም ፈራ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሲመጡ ዘጠና ስድስት ብሎ ጻፈ። ከአጥሩ ጀርባ ጣሪያ የሌለው አዳራሽ ዝናብ ይጠጣል።

«ደስ ይበልዎት እማማ» አላቸው። «ለመሪጌታ ይንገሯቸው። ልጅዎ ከእንግዲህ ሻንጣዋን ታዘጋጅ።»

ይርጋነሽ ወረቀቱን አልተቀበሉም። ቢሮው ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ ቀንስልኝ» አሉት፤ «ፅጌረዳ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አባቷ መርዶዋን አልተረዱም።»